ታብሌቱ ከልጁ በፊት ለመምህሩ ይሰጥ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ላይ፣ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ታብሌት ቢታደል የንባብ ችግራችን በአጭር ጊዜ ይቃለላል የሚል አስተያየት አንብቤያለሁ። የጸሐፊውን ቅን አሳብ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ላለፉት 19 ዓመታት በሰሜን ሸዋ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ መምህርት ነኝና፣ ነገሩ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል ብናገር ለአንባቢዎቻችሁ ይጠቅማል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ አዲሱ መሣሪያ ወደ ክፍላችን መግባቱን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን በቅድሚያ መድረስ ያለበት መምህሩ እጅ ነው፤ የሚናገረውም ልጁ እቤቱ በሚናገረው ቋንቋ መሆን ይኖርበታል።

ችግሩ መኖሩን የሚክድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህ ቁጥር በወቅቱ ብዙ ሰው አስደንግጧል፤ እኛን መምህራኑን ግን እምብዛም አላስገረመንም። ከ60 በላይ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ልጅ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ለብቻው ማስነበብ እንደማይቻል ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም።

ፊደላችን 231 ሆሄያት አሉት፤ ይሁንና ልጆቹን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው የሆሄያቱ ብዛት አይደለም። ብዛቱን በዜማ እያወረዱ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ አብዛኞቹ ይወጡታል። የሚያስቸግራቸው በጽሑፍ የማይታየው ነገር፣ ማለትም መጥበቅና መላላት ነው። ልጁ «ገና» የሚለውን ቃል አይቶ በዓሉን ይሁን «እስካሁን» የሚለውን ለመለየት ከፊደሉ የሚያገኘው ምልክት የለም፤ ቃሉን በጆሮው ቀድሞ ሊያውቀው፣ የዓረፍተ ነገሩንም መንገድ ሊከተል ይገባዋል። የኔታ ይህን ያውቁ ነበርና ተማሪያቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ድምፁን እየሰሙ፣ ሲሳሳት ወዲያው እያረሙ ያስነብቡት ነበር። እኔ ግን 64 ተማሪዎችን ከፊቴ ማስቀመጥ አልችልም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት የራሴን ስልክ ይዤ ክፍል መግባት ጀመርኩ። ከገበያ የገዛኋትን አነስተኛ ድምፅ ማጉያ ከስልኩ ጋር አገናኝቼ፣ ማታ እቤቴ የቀዳኋቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሰማኋቸው። አንደኛው «አባቴ ልብስ ሰፊ ነው» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «የአባቴ ልብስ ሰፊ ነው» የሚል ነው። ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ «ሰፊ» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲሰማቸው እጃቸውን እንዲያወጡ፣ ላልቶ ሲሰማቸው ዝም እንዲሉ ነገርኳቸው። በመጀመሪያው ዙር ግማሹ ክፍል ጎረቤቱን እያየ እጁን አወጣ። በሦስተኛው ዙር ከኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ የመጀመሪያው የእኔ አባት ሥራ ነው» አለኝ። አባቱ ገበያው መግቢያ ላይ ሲንጀር ዘርግተው ይሰፋሉ። ልጁን ወደ ፊት ጠርቼ ሁለቱንም አስነብቤ ድምፁን ቀዳሁትና መልሼ አሰማሁት፤ ሁለተኛውን አላልቶ ማንበቡን ከእኔ ቀድሞ ራሱ ሰማና «ድጋሚ ልበል» አለ። ስልኩ እኔ የማልችለውን አንድ ነገር ብቻ ነው ያደረገው፦ አለመድከም። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች መምረጥ፣ የትኛው ልጅ የቱ ጋ እንደተሳሳተ መስማት፣ ቀጥሎ ማን እንደሚጠራ መወሰን የእኔ ሥራ ነበር።

አሁን ከዚህ በተቃራኒ የሆነውን ልንገራችሁ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለትምህርት ቤታችን 25 ታብሌቶች ሰጥቶን ነበር። በርክክቡ ቀን ፎቶ ተነሣን፣ ለስላሳ ጠጣን፣ ሣጥኖቹ በሞዴል 19 ገቢ ሆነው ንብረት ክፍል ገቡ። ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 ፈርሞ የሚያወጣ መምህር ለእያንዳንዱ ታብሌት በግሉ ተጠያቂ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ልጅ ታብሌት ጥሎ መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ የፈረመው ባልደረባችንም ዋጋውን ከደመወዙ እንዲተካ በደብዳቤ ተጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልፈረመም። በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም አልፈርምም ነበር፤ የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ዘንድሮ ለቆጠራ ሣጥኖቹ ሲከፈቱ የስምንቱ ባትሪ አብጦ ጀርባቸውን ገንጥሎት ተገኘ። ቻርጅ ሳይደረግ ለዓመታት የተቀመጠ ባትሪ ዕጣው ይኸው ነው።

ያኔ አገልግሎት ላይ በዋሉባቸው ጥቂት ቀናትም ቢሆን በውስጣቸው ያገኘነው ትምህርት በሙሉ እንግሊዝኛ ነበር። ልጆቹ «ኤ ፎር አፕል» የሚለውን ዘፈን በሁለት ቀን አጠኑት። (አፕሉስ ግድ የለም፣ ደገኞች ስለሆንን በእኛም አገር ይበቅላል።) «ሀ»ን ግን ከታብሌቱ ውስጥ ፈልገን አላገኘንም። ዘፈኑን በቃላቸው የወጡት ልጆች ፊደሎቹ ተራቸውን ለቀው ሰሌዳ ላይ ሲጻፉላቸው አንዱንም አልለዩም።

ይህን ሳስብ የወንጪና የወለንጪቲ ነገር ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በእነዚህ ሁለት አካባቢዎች ለሚገኙ፣ ትምህርት ቤት ለማያውቁ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል ቻርጅ የሚደረጉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ በታሸገ ሣጥን አስቀመጠላቸው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደላትን በመንደራቸው ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ እኔም እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ኮርቼበታለሁ። የልጆቻችንን ብልሃት ለማሳየት ከሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ መዘመር ማንበብ አይደለም፤ ካሜራ የከፈተ ልጅም በዚያው ዕውቀቱ አንድ አንቀጽ አንብቦ ምን እንደሚል ሊነግረን አይችልም። የዚሁ ድርጅት ላፕቶፖች በብዛት በታደሉባት በፔሩ ከ300 በላይ በሚሆኑ የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ ተጠንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናትም በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም።

ይልቅስ ብዙም ያልተወራለት የጎረቤታችን የኬንያ ሙከራ ለእኛ ይቀርባል። በኪሱሙ በተካሄደው በዚህ ሙከራ፣ በአንዱ የትምህርት ቤቶች ምድብ ማንበቢያ መሣሪያው ለተማሪዎች፣ በሌላው ታብሌቱ ለመምህራን፣ በሦስተኛው ደግሞ ክፍል ለክፍል እየዞሩ መምህራንን ለሚያግዙ ባለሙያዎች፣ ማለትም በእኛ አነጋገር ለሱፐርቫይዘሮች፣ ተሰጠ። በሦስቱም ምድቦች የልጆቹ ንባብ ተሻሻለ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ልጅ መሣሪያ መስጠቱ ለባለሙያው ከመስጠቱ የላቀ ውጤት አላስገኘም፤ ለወጣው ገንዘብ ከፍተኛውን ጥቅም የሰጠውም በሱፐርቫይዘሩ በኩል የሄደው ነው። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። አንድ ታብሌት የያዘ ሱፐርቫይዘር አሥር መምህራንን ይረዳል፤ አሥሩ መምህራን ደግሞ ስድስት መቶ ልጆች ፊት ይቆማሉ።

እኛም ብንሆን ከራሳችን ቤት የምንማረው አለን። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የማያስታውስ የለም። ታናሽ ወንድሜ ያኔ 9ኛ ክፍል ነበር። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ትምህርት በሳተላይት ሲተላለፍ መምህሩ ከጎን ቆሞ ያያል፤ ጥያቄ ቀርቦ ልጆቹ ደብተራቸውን ሳይገልጡ መልሱ ይመጣል፤ መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። በአንጻሩ እኔ አንደኛ ደረጃ ስማር በሬዲዮ የሚተላለፍ ትምህርት ነበረን። መምህራችን ከሥርጭቱ በፊት አዳዲሶቹን ቃላት ሰሌዳ ላይ ይጽፉልን ነበር፤ ሬዲዮው ሲናገር በመመሪያቸው ይከታተላሉ፤ ሲያልቅ ዘግተውት ይጠይቁናል። ሬዲዮው ከፕላዝማው እጅግ ያነሰ መሣሪያ ሆኖ ሳለ የተሻለ ያስተማረን፣ ለመምህሩ ከፊትና ከኋላ ጊዜ ስለተወለት ነበር።

የቅርቡንም መርሳት አይገባም። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጻሕፍቱ በወቅቱ ታትመው ስላልደረሱን በፒዲኤፍ ተልከውልን፣ በቴሌግራም ተቀባብለናቸዋል። ለእኛ ለመምህራኑ ከምንም ይሻል ነበር። ለተማሪዎቹ ግን፣ ስልክ ያላቸው ወላጆች ልጆች መጽሐፍ ኖራቸው፤ የሌላቸው ቀሩ። ጠላ ሸጣ የምትተዳደር አንዲት እናት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ የሁለት ምዕራፍ ዋጋ ተሰልቶ ሲነገራት የመጀመሪያዎቹን ስድስት ገጾች ብቻ አሳትማ ልጇን ልካለች። ልጇ እነዚያን ስድስት ገጾች እስከ ጥር ድረስ በፌስታል ይዛቸው ትመጣ ነበር። በዲጂታል መንገድ የመጣ ነገር ሁሉ በእኩል ይደርሳል ብሎ ማሰብ ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ ከእነዚያ ገጾች በላይ የሚያስረዳኝ የለም። ስዊድንን የመሰለች ባለጸጋ አገር እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ታተመ መጽሐፍ ለመመለስ ገንዘብ መመደቧን ሰምተናል፤ እኛ ግን ገና መጽሐፉን ሳናዳርስ ልንዘልለው ነው የምናስበው።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ልጅ ታብሌት ይታደል ያሉት ጸሐፊ ባይቀየሙኝ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ለ60 ልጆች 60 ታብሌት የሚገዛ ገንዘብ ካለ፣ በቅድሚያ በየክፍሉ አንድ ታብሌትና አንድ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ይግባ፤ የተረፈው መጽሐፍ ይታተምበት። ይዘቱ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በሜሞሪ ካርድ የሚጫን፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአርጎብኛ በየአካባቢው መምህራን ድምፅ የተቀዳ ይሁን፤ መጥበቅና መላላትን ከየክፍሉ መምህር በላይ የሚያውቅ የውጭ ኩባንያ አይገኝም። አጎራባች ትምህርት ቤቶች የሚገናኙባቸው የጉድኝት ማዕከሎቻችን ለዚህ ሥራ አመቺ ናቸው፤ ስልጠናውም በአዳራሽ ለሦስት ቀን ከሚሰጥ ይልቅ ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ አብሮን ቢሠራ ይሻለናል። ከሁሉም በላይ ግን የንብረቱ ደንብ ይታይልን። ለሕፃናት መማሪያ የተገዛ ዕቃ በሕፃናት እጅ መሰበሩ እንደማይቀር ታስቦ፣ እንደ ጠመኔና እንደ ወንበር በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅ ዕቃ ተደርጎ ካልተመዘገበ፣ ነገ የሚገዛውም ታብሌት ከትናንቶቹ ሣጥኖች አጠገብ ይደረደራል። ይህን ለመወሰን ዕርዳታ ሰጪ አያስፈልግም፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አንድ ሰርኩላር ቢጽፍ ይበቃል።

እስከዚያው እኔ በስልኬ እቀጥላለሁ። ለመጪው ሳምንት «ዋና» የሚለውን ቃል ቀድቻለሁ፤ ዘወትር ቅዳሜ ወንዝ የሚወርዱት ወንዶቹ አንደኛውን ትርጉም እንደማይስቱት እርግጠኛ ነኝ። የስልኬ ሜሞሪ ግን ሞልቷልና የገናውን ፎቶዎች ማጥፋት ይኖርብኛል።

ከአክብሮት ጋር
የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ ከሰሜን ሸዋ