ለአባዬ፣ ከጅማ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ዓይንህስ እንዴት ሆነልህ? ይህን እህቴ እንድታነብልህ ነው የላክሁላት፤ አንተ ገና ስልክ ላይ ማፍጠጥ የለብህም።

እኛ ደህና ነን። ዝናቡ አላባራም፣ አዌቱ ወንዝም ሞልቷል። ስለዚህ ከሥራ ስመለስ የትም አልወጣም፤ የማመሸው ያንተ የሥራ ክፍል ውስጥ ነው። ያንን የጌም ሰሌዳ እንደገና ጀመርኩት! ስንት ዓመት ካርቶን ውስጥ የከረመውን።

ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ፈረንጅ አገር ድሮ ሳንቲም እየዋጡ የሚያጫውቱ፣ ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ማሽኖች ነበሩ። በፈረንጆቹ 1980 የወጣውን ፓክማን የሚጫወቱት በአንድ ዱላ ብቻ ነበር። በ1991 የመጣው ስትሪት ፋይተር ቱ ግን ለአንድ ሰው ስድስት ቁልፍ አስፈለገው፤ ሦስቱ ለቡጢ፣ ሦስቱ ለእርግጫ። ዛሬ ጨዋታዎቹን ተራ ኮምፒውተር ያስነሳቸዋል፤ የጎደለው እጅ የሚያርፍበት ነገር ነው። እኔ የምሠራው እሱን ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚጫወትበት። ጌም ቤት ሄዶ በየጨዋታው መክፈል ቀርቶ ልጆቹ እዚሁ ቤት ቢጫወቱ ደስ ይለኛል።

ሽቦው ተጠናቋል። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ትንሽ ማብሪያ አለች፤ ስትጫናት ቀጭ ትላለች። ሁለት እግር አላት፤ አንደኛው ለብቻው የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ ለኮምፒውተሩ ወደሚነግረው ትንሽ ቦርድ ይሄዳል፣ ሌላኛው ግን ከጎረቤቱ ጋር እየተቀጣጠለ ሁሉም በአንድ ጥቁር ሽቦ ይጠቃለላል። ቦርዱ በዩኤስቢ ይሰካል፣ አለቀ። ኮምፖርሳቶ ላይ ገጥሜ ሞከርኩት፣ ሁሉም ሠራ።

ያኔ ያስቆመኝ እንጨቱ ነበር፤ አሁንም አንተን የምጠይቅህ ስለ እሱ ነው። ቆጥ ላይ ያለውን፣ ከቁም ሳጥኑ የተረፈውን የዋንዛ ጣውላ አወረድኩት። እንዴት ያምራል መሰለህ! እዚያ ላይ ስለከረመ እስከ ውስጡ ደርቋል፣ ቢቆረጥም የሚጣመም አይመስለኝም። መላጊያ ሳሳርፍበት ያ ወርቃማ ቡናማ ቀለሙ ብቅ አለ፣ ሽታውም ክፍሉን ሞላው። ችግሩ ውፍረቱ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጆይስቲኩ፣ ማለትም ዱላው፣ ከሥር ስለሚታሰር በዚህ ውፍረት ውስጥ ዘንጉ ይዋጥና ከላይ የሚቀረው አጭር ይሆናል፣ እጅ አይጨብጠውም። ስለዚህ ከሆዱ በኩል በመሮ ተፈልፍሎ ስድስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ መተው አለበት። ልጆች ደግሞ ሲጫወቱ ዱላውን በሙሉ ኃይላቸው ነው የሚጎትቱት። ዋንዛ እንዲህ ሲሳሳ ይችለዋል? ወይስ ከሥር ብረት ላድርግለት? አንተ በርጩማ ስትፈለፍል መቀመጫውን ምን ያህል ታሳሳው እንደነበር ለክቼ አላውቅም፤ አንተ ግን በጣትህ መታ መታ አድርገህ ትለየው ነበር። የቁልፎቹ ቀዳዳም ሠላሳ ሚሊ ሜትር ነው፤ በትራፓኖ ከላይ ስበሳ ከታች እንዳይሰነጠቅ እስከ ግማሽ በስቼ ገልብጬ ልጨርሰው አስቤያለሁ።

እውነቱን ልንገርህ አባዬ፣ ጣውላውን ያለ አንተ መሮ ላስነካው አልፈልግም። ገበያ ሄጄ ኤምዲኤፍ፣ ያንን ፋብሪካ የሚጨምቀውን ጣውላ፣ ማስቆረጥ እችል ነበር፣ ይቀላልም። ግን ይህ ዕቃ የአንተ እጅ እንዲኖርበት እፈልጋለሁ። ቫርኒሹም ቢሆን በዚህ እርጥበት ቶሎ አይደርቅም። መስከረም ሲጠባ ሐኪሙ ከፈቀደልህ ና፣ መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሃለሁ። መሮውን መያዝ ካስቸገረህ አጠገቤ ተቀምጠህ እየዳሰስክ ትነግረኛለህ፣ እኔ እፈለፍላለሁ።

እሑድ እደውላለሁ፤ እስከዚያ የብረቱን ነገር አስብበት። የዓይን ጠብታህን በሰዓቱ አድርግ። ቡናውን በሚመጣ ሰው እልካለሁ፣ እህቴ ትቀበል።

ልጅህ