ሽቶና ጠባይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የሰውን ጠባይ ከሚቀባው ሽቶ ማወቅ ይቻላል የሚለው አስተያየት በከተማችን በድሬዳዋ እየተለመደ መምጣቱ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አነሣሥቶኛል። አበባ አበባ የሚሸት ሽቶ የምትወድ ሴት ገር ናት፣ ዑድ የተባለውን መዓዛማ የእንጨት ሽቶ የሚወድ ወንድ ኩሩ ነው ይባላል። እኔ ግን ከአንድ ብልቃጥ ተቀብተው ቀፊራ ገበያ የዋሉ ሁለት እኅቶቼ ማታ ፈጽሞ የተለያየ ሽታ ይዘው ሲመለሱ ታዝቤአለሁ፤ ምክንያቱም እንደ ሎሚ ያለው ቀላሉ የሽቶ ክፍል በእኛ ሙቀት ፈጥኖ ሲተን፣ እንደ ዕጣንና እንደ ሰንደል ያለው ከባዱ ክፍል ግን ከየሰው ቆዳ ወዝና ላብ ጋር ተዋሕዶ ይቆያል። ያው ሽቶ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከፍ ብላ በምትገኘው ነፋሻ ሐረር ረጋ ብሎ ይውላል፤ የሰዎቹ ጠባይ በመካከል ያለውን የደንገጎን ዳገት ሲሻገሩ ይለወጣል ካልተባለ በስተቀር።

ከአገራችን ጥርኝ የሚገኘው ዝባድም ብቻውን ሲሸተት አፍንጫ የሚያስይዝ ሆኖ ሳለ፣ በጥቂቱ ሲጨመር የውድ ሽቶዎችን መዓዛ ሲያሞቅና ሲያቆይ ኖሯል። በዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንቀባው በስጦታ የደረሰንን ነው፤ የእኔን የመረጡልኝ አማቴ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ