ፊሽካው ሳይነፋ

ለንደን፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያስተማርከኝ የደብዳቤ ወግ እዚህ ላይ ያልቃል፤ አሁን ወደ ነገሬ።

ትናንት ማታ አራት ጊዜ ደወልኩልህ። መጀመሪያ እማዬ አንስታ «ተኝቷል» አለችኝ። ቆይቼ ስደውል «ጎረቤት ሄዷል» አለች። ተኝቶ ጎረቤት የሚሄድ ሰው ስለማላውቅ ሁለቴ ደግሜ ሞከርኩ፤ የሚያነሳ ጠፋ። በሁዳዴ እሷን ከማስዋሽ ብዬ ተውኩት። ዛሬ ጠዋት ወንድሜ እውነቱን ነገረኝ፦ አስቶን ቪላ አርሴናል ላይ ሁለተኛውን ጎል ሲያስቆጥር ቴሌቪዥኑን ዘጋህ፣ የቀረበልህን ሽሮ ሳትነካ ገብተህ ተኛህ። የግፊት ኪኒንህን መዋጥህንም ያየ የለም። ስልክ የማያነሳ ሰው ደብዳቤ ከደረሰው ግን ማንበቡ አይቀርም፤ በተለይ ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው። ወንድሜ አትሞ ይሰጥሃል። የ«ሀ» እና የ«ሐ» ስህተት ስታገኝ በቀይ አክብበው፤ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ምንም አልተሻሻልኩም።

አባዬ፣ ትናንት እኔ እዚያው ነበርኩ። አርሴ ሜዳ፣ ኤምሬትስ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ።

አስቀድሜ ያልነገርኩህ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስድህም ነበር። ሁለተኛ፣ ከተሸነፉ «ገደ ቢስ ልጄ ገብታ ነው» እንዳትለኝ ፈራሁ። ይኸው ተሸነፉ፤ በለኝ። አብራኝ የምትሠራ ነርስ ባሏ የዓመት ትኬት አለው። ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎ ቤት ስለዋለ ትኬቱን በክለቡ በኩል ወደ ስልኬ አዛወሩልኝ። ሐሙስ ዕለት ስትነግረኝ መድኃኒት እየቆጠርኩ ነበር፤ ከመጀመሪያው መቁጠር ነበረብኝ።

ወንድሜን ገና በሰባት ዓመቱ ስታዲየም፣ ካታንጋ መደብ ትወስደው ነበር። እኔ ስለምንህ «ስታዲየም ለሴት ልጅ አይሆንም፣ አፋቸው ክፉ ነው» ትለኝ ነበር። ሳንጆርጅና ቡና በሚጫወቱ ቀን በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፤ ውጤቱን ማንም ሳይነግረኝ ከመንገዱ ጫፍ አውቀዋለሁ። ካሸነፋችሁ ወንድሜ ትከሻህ ላይ ነው፤ ከተሸነፋችሁ በእግሩ እየተጎተተ ይመጣል። እኔን ትከሻህ ላይ ያወጣኸኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1996። አርሴ በቶተንሃም ሜዳ 2 ለ 2 ወጥቶ ዋንጫውን ያረጋገጠ ዕለት። አሥር ዓመቴ ነበር፣ ከብጄሃለሁ፤ ግን አወጣኸኝ። 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ፣ ሽንፈት የለም። የማባዣ ሰንጠረዤን ሳላውቅ ያወቅኩት ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሆነ፤ የሊግ ዋንጫ አልመጣም፣ እኔም ትከሻህ ላይ አልወጣሁም።

ስለ ክፉ አፍ ካነሳን አይቀር፣ ከኋላዬ የተቀመጡት ሦስት ጎልማሶች ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ዳኛውን፣ የመስመር ዳኛውን፣ የራሳቸውን ተከላካዮች ሳይቀር ሲያወርዱባቸው ነበር። ካታንጋ ቢሰማቸው ያፍርላቸዋል። እንግሊዝኛዬ ይኼን ያህል የተሟላ መሆኑን ያወቅኩት ትናንት ነው።

ቀድሜ ነው የሄድኩት። አርሴናል በሚባለው ባቡር ጣቢያ ወርጄ በድሮው ሃይበሪ በኩል አለፍኩ። አሁን መኖሪያ ቤት ሆኗል። የፊት ለፊቱን ግድግዳ እንደ ጥንቱ ትተውታል፤ የአንተ አጥቂ ካኑ የሮጠበት ሜዳ ላይ ግን አትክልት ተክለውበታል። ከዚያ ስታዲየሙ ዙሪያ የድሮውን አሰልጣኝ የቬንገርን ሐውልት ፈልጌ ፎቶ ተነሳሁ፤ በዚያው በቴሌግራም ይደርስሃል። ሄንሪም አለ፣ ቤርካምፕም አለ። ካኑ ግን የለም። አንተ ብትሆን ለማን አቤት እንደምትል እንጃ።

እየገባን ሳለ ሊቨርፑል በሜዳው በክሪስታል ፓላስ 1 ለ 0 መሸነፉ ተሰማ። አባዬ፣ ያን ጩኸት በቴሌቪዥን አልሰማኸውም። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ይተቃቀፋል። ሲቲ ቅዳሜ ሉተንን 5 ለ 1 አሸንፎ 73 ነጥብ ይዟል፣ እኛ 71፤ ብናሸንፍ 74 ሆነን ከላይ እንቀመጣለን። ከጥር ወዲህ በሊጉ ከተጫወቱት 11 ጨዋታ 10ሩን አሸንፈዋል፣ የቀረውን ከሲቲ ጋር ያለ ጎል ወጥተዋል። ማን ይጠራጠራል? እኔም ከፍ ባለ ድምፅ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ዘፈንኩ፤ ግጥሙን ግማሽ በግማሽ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ አብረን ያየነውን አልደግምልህም። ትሮሳርድ ከግቡ አፍ ላይ የመታትን ያቺን ኳስ ማርቲኔዝ እንዴት እንዳወጣት ዛሬም አልገባኝም። እኛው ያሳደግነው፣ እኛው የሸጥነው በረኛ! አሰልጣኙ ደግሞ ኤመሪ፣ በ2019 ከዚሁ ወንበር የተባረረ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይኼ አይደል? ከእረፍት በፊት ዋትኪንስ፣ ከእረፍት በኋላ ቲለማንስ የመቱትን የግቡ ብረት ሲመልስልን ደግሞ መፍራት ጀመርኩ። ያን ጊዜ 60 ሺህ ሰው እንዴት ዝም እንደሚል አየሁ። መጀመሪያ ዘፈኑ ይቆማል። ቀጥሎ ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ተጫዋቹ ኳስ ወደ ኋላ ባቀበለ ቁጥር አንድ ማቃሰት ይሰማል፣ ታሞ እንደተኛ ሰው።

84ኛው ደቂቃ። ዲኜ ከግራ አሻማ፣ ኳሷ ሁሉንም አልፋ ሄደች፣ ቤይሊ በወዲያ በኩል ብቻውን ቆሞ ነበር። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ዋትኪንስ ብቻውን ሮጦ በበረኛችን በራያ አናት ላይ አሳለፋት። ቀስ ብላ ነው የገባችው። ቴሌቪዥን ላይ እንደዚያ ቀስ ትላለች?

ይኼኔ ነው ነገሩ። ወንበሮቹ ጠቅ ጠቅ እያሉ ሲታጠፉ ሰማሁ። ረድፉ ሁሉ ተነሳ፤ ከኋላዬ ያሉት ተሳዳቢዎች እንኳን ስድባቸውን አቋርጠው ወጡ። እኔም ተነሳሁ።

ወጣሁ፣ አባዬ። ፊሽካው ሳይነፋ ወጣሁ።

ምን እንደምትል አውቃለሁ። ዝናብ እየወረደ፣ ሳንጆርጅ 3 ለ 0 እየተመራ፣ ወንድሜ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ካታንጋ ላይ ቆመህ ትጠብቅ ነበር። እማዬ ስትቆጣህ የምትመልሰው አንድ መልስ ነበረህ፦ «ካኑን ያየ ሰው ቀድሞ አይወጣም።» ጥቅምት 1992፣ በቼልሲ ሜዳ 2 ለ 0 እየተመሩ፣ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሦስት ጎል አግብቶ 3 ለ 2። ሰርግ ላይ አውርተኸዋል፣ ለቅሶ ላይ አውርተኸዋል። እኔ ደግሞ አንተ ዕድሜህን ሙሉ የተመኘኸው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተነስቼ ሄድኩ። ይኼን ለመናዘዝ ነው የምጽፍልህ፤ የንስሐ አባቴ ኳስ አይወድም።

ጎሎቹ ብቻ ቢሆኑ እቀመጥ ነበር። ያስነሳኝ አጠገቤ የሚያወራ ሰው ማጣቴ ነው። ቀኙም ግራውም ስልኩን አወጣ፤ አንዱ በጀርባው ተደግፎ ጣሪያውን ያያል። ውጭ ስንወጣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚሰማው ኮቴ ብቻ ነው። ቀብር ላይ እንኳን እኛ እንዲህ ዝም አንልም። እነሱ ኀዘናቸውን ተሸክመው ወደ ባቡር ወረዱ። እኔ መሸከም አልቻልኩም፤ በእግሬ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ ወዳለች አንዲት የሀበሻ ቤት ሄድኩ።

በሩን ስከፍት ጩኸቱ ተቀበለኝ። አንዱ «አርቴታ ቅያሪ አያውቅም» እያለ ጠረጴዛ ይመታል። ሌላው «ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ሙሉ!» ይላል፤ የጾም በያይነቱ ፊቱ ላይ ቀዝቅዞ ደርቋል። ጥግ ላይ የማንቼ ደጋፊ ቁጭ ብሎ ይስቃል፤ እነሱ ራሳቸው ቅዳሜ ከቦርንማውዝ ጋር 2 ለ 2 ተለያይተው፣ ለመሳቅ ምን ሞራል እንዳለው እግዜር ይወቀው። አንዱ ደግሞ ናፕኪን ላይ ይደምራል፦ ሲቲ 73፣ እኛና ሊቨርፑል 71፣ ስድስት ጨዋታ ይቀራል፣ ሲቲ አንድ ቦታ ቢጥል... «ሲቲ አይጥልም!» ብለው ሁሉም ጮኹበት። እኔም ጮህኩበት። ባለቤቷ መብራት እስክታጠፋብን ተሟገትን። ስወጣ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር፣ ራቤም መጥቶ ነበር። ቀሎኝ ነበር።

አራት ጊዜ የደወልኩልህ ያን ጊዜ ነው። እንድንሟገት።

ዘንድሮ ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ በስልክ «ቤታችን አልተነካም፣ ምንም አልሆንንም» አልከኝ። እኔም አመንኩህ። ዲኤስቲቪ ቤቱ አብሮ መፍረሱን፣ ያቺ ግድግዳ ተጠግታ ያለች የአንተ አግዳሚ ወንበር መሄዷን፣ የወንበሩ ሰዎችም አንዱ ገላን፣ አንዱ አራብሳ መግባታቸውን ዛሬ ከወንድሜ ነው የሰማሁት። ለካ ትናንት ብቻህን ነበርክ። እማዬ ኳስ ስታይ ትተኛለች፤ ወንድሜ ሥራ ነበር። ካኑን የምትነግረው ሰው አጠገብህ ባለመኖሩ ነው የዘጋኸው እንጂ አንተማ ፊሽካ ሳይነፋ የምትዘጋ ሰው አልነበርክም።

ለእማዬ «እንግዲህ ዋንጫውን ሳላይ ነው የምሄደው» አልካት አሉ። እሱን ዓረፍተ ነገር እኔም በቀይ አክብቤዋለሁ። መልሰህ ጻፈው።

ዛሬ ከሥራ በፊት ለልብስ ሰፊው ወዳጅህ ደወልኩለት፤ ቁጥሩን ወንድሜ ነው የሰጠኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ሰላምታ እንኳን ሳያስጨርሰኝ «አባትሽ ስልክ አያነሳም! 2 ለ 0 ብዬ ልሰድበው ከሌሊት ጀምሮ እየደወልኩ ነው!» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ አለ። አራብሳ ኳስ የሚያሳይ ቤት አለ፣ ግን ሁሉም ወጣቶች ናቸው፤ «የማንቼን ጥሩ ዘመን ያየ አንድ ሰው የለም፣ ለማን ልጉራ?» ነው የሚለው። አንተ ጋ ለመምጣት ደግሞ ማታ መመለሻ ታክሲ አያገኝም።

እንግዲህ እኔ ጨርሼዋለሁ። ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ከባየር ጋር ሙኒክ ላይ ነው፤ መሽቶ ስለሆነ ለእሱ ፈቃድህ ነው። ቅዳሜ ግን ማታ 3:30 ከዎልቭስ ጋር ስንጫወት ወንድሜ በመኪና ሄዶ ልብስ ሰፊውን ያመጣልሃል፤ የመኪናውን ልኬለታለሁ። እዚያው ያድራል፣ እማዬ ፍራሽ ታነጥፍለታለች፣ ቡናም ታፈላለች። ኪኒንህን ከጨዋታው በፊት፣ ወንድሜ እያየህ። እኔ በቪዲዮ እገባለሁ፤ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፉልኝ፣ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ እናንተ አዙሩት። ኳሱን እዚህም አየዋለሁ።

ልብስ ሰፊው በ80ኛው ደቂቃ «እንቅልፌ መጣ» ሊል ይችላል፤ ማንቼ ካልተጫወተ ያንቀላፋል ብሎኛል ወንድሜ። በሩን ቆልፍበት። እኔም በበኩሌ ከወንበሬ አልነሳም፣ ቃሌ ነው።

ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ የምትመጣ ጓደኛዬ ሻርፕ ይዛልህ ትመጣለች። ትናንት ከጨዋታው በፊት የገዛሁት ነው፣ ስለዚህ ሽንፈት አልነካውም።

ስልኩን አንሳ።

ልጅህ