ለድንኳን ጉዞው ለተመዘገባችሁ ወላጆች

ጤና ይስጥልኝ ውድ አባላት፣

የልጆቹ የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ደረሰ። እንደተስማማነው ከላሊበላ ተነስተን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት እናድራለን።

ስለ ብርዱ ደግሜ ልናገር። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የተራራው ጫፍ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቀን ፀሐዩ ያታልላል፤ ሌሊት የጥር ውርጭ አለ። አምና ልጄን በአንድ ሹራብ ይዣት ወጥቼ፣ ጋቢዬን ለሷ ሰጥቼ ስንቀጠቀጥ ነው ያደርኩት። ስለዚህ ለየልጁ ብርድ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ሁለት ሁለት ካልሲ።

ከፍታው ሊያሳምም ስለሚችል ሽቅቡን ቀስ እያልን ነው የምንወጣው። ራሱን ያመመው ወይም ያቅለሸለሸው ልጅ ካለ ከዚያ በላይ አንወጣም፤ ካልተሻለው ወደ ታች ይወርዳል። ጉብዝና እዚህ አይሠራም።

ጭላዳ ዝንጀሮና ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል እናያለን። ቀይ ቀበሮም አለ፤ እሱ ግን ዕድል ነው፣ ለልጆቹ ቃል እንዳትገቡ። ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀበሮዎቹ መጥፊያቸው ነው።

አስታ የሚባለውን የተራራውን ቁጥቋጦ ለማገዶ አንቆርጥም፤ ቡታጋዝ ያላችሁ ንገሩኝ። በሶና ቆሎ ከየቤታችሁ። ቡናው በኔ፤ ጀበናውን የሚሸከም ሰው ግን እፈልጋለሁ።