ጃኬት ለብሶ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁልን

ውድ አዘጋጅ፣

ጀልባ ይዞ የወጣ ሰው ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ጠፋ የሚል ዜና ስታወጡ እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ። ባዶ ጀልባ ተገኘ ትላላችሁ። ሄሊኮፕተር ተሰማራ፣ ቤተሰብ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ፍለጋው ቆመ። ሰውየው ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት፣ ለብሶ ነበር? ውሃው ስንት ዲግሪ ነበር? ስንት ሰዓት እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰውስ ነበር? እነዚህን ሦስት ነገሮች ግን ዜናው ውስጥ አላገኛቸውም።

ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት እኔም ወድቄያለሁ። ፀሐይ ወጥታለች፣ ባሕሩም ጸጥ ብሏል። ገመድ ልስብ ጎንበስ ስል እግሬ አዳለጠኝ። ውሃው ውስጥ እንደገባሁ ሳላስበው በኃይል ወደ ውስጥ ተነፈስኩ፤ ከአየሩ ጋር ውሃም ገባ። ከዚያ በኋላ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ መጮህ እንኳ አልቻልኩም። ጓደኛዬ ከመቀመጫ ሥር የነበረውን ጃኬት ወረወረልኝ። ያዝኩት፤ መቆለፊያውን መግጠም ግን አቃተኝ። ሁለት የፕላስቲክ ጫፎች ናቸው፣ ሕፃን ልጅ የሚገጥማቸው። ጣቶቼን አያቸዋለሁ፣ እነሱ ግን አይታዘዙኝም። ጃኬቱን በክንዴ እንዳቀፍኩ ጓደኛዬ በልብሴ ጎትቶ አወጣኝ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ስለ እኔም ትጽፉ ነበር።

ምን እንደደረሰብኝ የገባኝ ኋላ ሳነብ ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ነገሩን 1-10-1 ብለው ያስተምሩታል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ አለው። እጅና እግሩ የሚታዘዙለት 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ብርዱ ራሱን እስኪያስተው ደግሞ 1 ሰዓት ያህል ይቆያል። ብዙዎቻችን ብርዱ ቀስ እያለ ነው የሚገድለው ብለን እናስባለን። ዋና እችላለሁ የሚል ሰውም በዋናው ይተማመናል። ግን ብዙ ሰው የሚሰምጠው ሰውነቱ ገና ሳይቀዘቅዝ ነው። ያችን 1 ሰዓት የሚያገኛት ጃኬቱ ገላው ላይ ያለ ሰው ነው።

ይህን ስናገር የአይስላንዱን ዓሣ አጥማጅ የሚያነሳብኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ በመጋቢት 1984 (እ.ኤ.አ.) ጀልባቸው ሲገለበጥ ጉድላውጉር ፍሪድቶርሶን 5 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ዋኝቶ ዳር ደርሷል። ጀልባው ላይ ግን 5 ነበሩ። አራቱ አልተመለሱም።

ስለ ፍለጋው ደግሞ ይህን አስቡት። ነጭ አረፋ በሞላው ባሕር ላይ ከውሃው በላይ የሚታየው የሰው ጭንቅላት ብቻ ነው። ባዶውን ጀልባ ነፋስ ይገፋዋል፣ ሰውየውን ግን ይበልጡን የውሃው ጅረት ነው የሚወስደው። ስለዚህ ጀልባው የተገኘበት ቦታ ሰውየው ያለበት ላይሆን ይችላል። ሰዓት በጨመረ ቁጥር የሚፈለገው ስፋት ይጨምራል። ጠዋት የወጣ ሰው መቅረቱ የታወቀው ማታ ከሆነ ፈላጊዎቹ የሚጀምሩት ከየት ነው?

ጥያቄው ቤተሰብ መውቀስ ይመስላል የሚል ይኖራል። እኔ አይመስለኝም። በአግባቡ፣ በአክብሮት ከተጻፈ የሚቀጥለውን ሰው ያተርፋል። ከዜናው ሥር ሁለት መስመር ብትጨምሩ ቦታ አይፈጅባችሁም። ቪኤችኤፍ የሚባለው የጀልባ መገናኛ ሬዲዮ ያለው ሰው የአደጋ ጥሪ በሚደረግበት ቻናል 16 ላይ ሜይዴይ (የድረሱልኝ ጥሪ ነው) ብሎ ይጥራ። የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነቱ ላይ ይሰር፤ ሰው ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጀልባው ጥሎት አይሄድም። ከውሃ የወጣን ሰው ደግሞ አታቁሙት፣ አስተኙት። ሲቆም የደም ግፊቱ ወርዶ እዚያው ሊሞት ይችላል።

እኔ አሁን ጃኬቱን የምለብሰው ጀልባው ላይ ሳልወጣ ነው። የምመለስበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፌ ለባለቤቴ እሰጣታለሁ፤ ከዚያ በ1 ሰዓት ከዘገየሁ ለፈላጊዎች ትደውላለች። አንዴ ዘግይቼ ደውላ ነበር። ፈላጊዎቹ ሲያገኙኝ ደህና ነበርኩ፤ አንዳቸውም አልተቆጡኝም።

እባካችሁ፣ ቀጣዩን ዜና ስትሠሩ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁልን። መልሱ ካልታወቀም አልታወቀም ብላችሁ ጻፉት።

አንባቢያችሁ