አበበ ቢቂላ የባዶ እግር ምስል ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አበበ ቢቂላ ያወጣችሁት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በተቀዳጀው የኦሊምፒክ ማራቶን ድል ላይ ብቻ ያተኮረ ነው። የዓለም ጋዜጦች የወደዱት ይህ ምስል ዝናን ቢያተርፍለትም ልፋቱን ሸፍኖበታል፤ ድንገት ከየትም ብቅ ያለ ሰው አስመስሎታልና። አበበ ግን በስዊድናዊው አሰልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ የሠለጠነ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ ጫማ ተጫምቶ በ2:12:11.2 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ለእኔ ትልቁ ድሉ ይህ ነው። የመኪና አደጋ መራመድ ካሳጣው በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ኢላማ መወዳደሩንስ ስንቱ ወጣት ያውቃል?

የሮም ድል መታሰቢያ በሚውልበት በመጪው ጳጉሜን፣ የቶኪዮውን ፎቶግራፍ በፊት ገጽ አውጡ፤ ለልምምዱና ከአደጋው በኋላ ላሳለፋቸው ዓመታትም አንድ ሙሉ ገጽ ስጡ።

አንድ አንባቢ