ቅዳሜ ስለምናየው ፊልም

ውድ የፊልም ክበባችን አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ የምናየው ኦሊቨር ስቶን በ1991 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን «ዘ ዶርስ» ነው። «ዘ ዶርስ» የተባለው የሮክ ባንድ ድምፃዊ የነበረው የጂም ሞሪሰን ታሪክ ነው፤ በ1965 ከሎስ አንጀለስ ቬኒስ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ አሜሪካን ያናወጠ፣ በ1971 ደግሞ በ27 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞቶ የተገኘ ሰው።

ሞሪሰንን ሆኖ የሚተውነውን ቫል ኪልመርን በጥሞና ተመልከቱልኝ። በመድረክ ትዕይንቶቹ ላይ አብዛኛውን የሚዘፍነው ራሱ ነው። ዓይኑ እየደከመ፣ ፊቱ እያበጠ፣ ድምፁ እየጎረነነ ሲሄድ ማየት ልብ ይሰብራል። የ1969ኙ የማያሚ ኮንሰርት ሲደርስ እኔ ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሞሪሰን በዚያ ምሽት በሠራው ተከሶ ተፈርዶበታል፤ የፍሎሪዳ ግዛት ይቅርታ ያደረገችለት በ2010፣ ከሞተ ከ39 ዓመት በኋላ ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ሬይ ማንዛሬክ ፊልሙን አጥብቆ ተቃውሞታል፤ ሰካራሙን እንጂ እርሱ የሚያውቀውን ጓደኛውን አላሳየም በማለት። በዚህ ከማንዛሬክ ጋር ነኝ። ሞሪሰን ግጥም ያሳተመ፣ ፊልም ያጠና፣ መጽሐፍ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ይህ ወገኑ በጠርሙስና በጩኸት መካከል ተውጦ ቀርቷል። ከፊልሙ በኋላ በዚህ ላይ እንድንወያይ እፈልጋለሁ።

ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ በሰዓቱ ተገኙ። የመጠጥ፣ የአደንዛዥ ዕፅና የወሲብ ትዕይንቶች ስላሉበት እባካችሁ ልጆች ይዛችሁ አትምጡ።